በዓባይና በገባሮቹ ሸለቆዎች በእግር ለመጓዝ የትኛው መንገድ ይመረጣል?

የጥያቄዎ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ ከሥራ ባልደረቦችዎ ጋር በዓባይ ሸለቆ ወይም በገባሮቹ ሸለቆዎች በእግር ለመጓዝ አስባችኋል፤ አልፎ አልፎ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናትዎም አብረዋችሁ ለመምጣት ቆርጠዋል፤ በመሆኑም በሙያው ያለ ሰው አስበልጦ የሚወደው መንገድ የትኛው እንደሆነ፣ እናትዎስ በየትኛው ሊሄዱ እንደሚችሉ ማወቅ ይፈልጋሉ። በሥነ ምድር ሙያ የሠለጠንሁና በእነዚሁ ሸለቆዎች ተጓዦችን የምመራ በመሆኔ ጥያቄው በቀጥታ የሚመለከተኝ ነውና ዘርዘር አድርጌ እመልሳለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው የሸለቆ ጉዞ ከተራራ ጉዞ የሚለይበት ነገር ነው። ተራራ የሚወጣ ሰው ዳገቱን በማለዳ ጉልበቱ ይጨርስና ሲደክመው በቁልቁለት ይመለሳል። በሸለቆ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሰውነት ትኩስ በሆነበት ሰዓት ቁልቁለቱ ይቀድማል፣ ውኃው ሲያልቅ፣ ፀሐይዋ ስትከር፣ ጉልበቱ ሲዝል ዳገቱ ፊት ለፊት ይቆማል። በዚህም ላይ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር አየሩ ይሞቃል፤ በየ100 ሜትሩ ቁልቁለት ከግማሽ ዲግሪ ሴልሺየስ የሚበልጥ ሙቀት ይጨምራል። ስለዚህ የምወደውን መንገድ ስመርጥ መጀመሪያ የምመለከተው የመመለሻውን ዳገት ነው፤ የሸለቆውን ውበት ለማየት ደግሞ ሁልጊዜ እስከ ወንዙ መውረድ አያስፈልግም። ከአፋፉ ጠርዝ ሆኖ የሚታየው ከታች ሆኖ ከሚታየው የሚበልጥባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው።

አስበልጬ የምወደውና ለእናንተም በመጀመሪያ የማቀርበው በደብረ ሊባኖስ አካባቢ ያለው የአፋፍ መንገድ ነው። ቦታው ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቅ ሲሆን፣ ከጎጃም መንገድ ወደ ገዳሙ በሚታጠፍበት አካባቢ ሸለቆው ድንገት አፉን ከፍቶ ይታያል። እስከዚያ ድረስ ተጓዡ የሚያየው ሜዳ፣ የጤፍና የስንዴ ማሳ ብቻ ስለሆነ ይህን ያህል ጥልቀት ከጎኑ መኖሩን አይጠረጥርም። ከአፋፉ ተነሥቶ የፖርቹጋል ድልድይ ወደሚባለው የድንጋይ ድልድይ የሚወርደው የእግር መንገድ አጭር ነው፤ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ድልድዩ በስሙ የፖርቹጋሎች ይባል እንጂ የተሠራበት ዘመን ከእነርሱ እጅግ የራቀ ነው፤ ሥራው ብዙ ጊዜ ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና ከራስ ዳርጌ ጋር ይያያዛል። ከሥሩ የሚያልፈው ጅረት ጥቂት ዝቅ ብሎ ከገደሉ ተወርውሮ ይወድቅና ውኃው በጀማ ወንዝ በኩል ወደ ዓባይ ይገባል። ክረምቱ ገና ሲወጣ፣ በመስከረም፣ ፏፏቴው ሙሉ ነው፤ በየካቲትና በመጋቢት ግን ከድንጋዩ ላይ ቀጭን እርጥበት ብቻ ሊቀር ስለሚችል ለፏፏቴው ብላችሁ በዚያ ወቅት አትምጡ።

ይህን መንገድ ከሌሎቹ ሁሉ የማስበልጥበት ዋናው ምክንያት ግን ጭላዳ የሚባሉት ዝንጀሮ መሰል እንስሳት ናቸው። ጭላዳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር በዱር የማይገኝ ሲሆን ኑሮው ከገደል ጋር የተቆራኘ ነው። መንጋው ሌሊቱን የሚያሳልፈው በገደሉ ፊት ላይ ባሉ ጠባብ እርከኖች ነው፤ ነብርም ሆነ ጅብ በቀላሉ ሊደርስበት የማይችል መኝታ ነውና። ፀሐይ ወጥታ ድንጋዩን ሞቅ ስታደርገው አንድ በአንድ እየተንጠላጠሉ ወደ አፋፉ ይወጣሉ፤ መጀመሪያ በጠርዙ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ እርስ በርሳቸው ጸጉር ይፈላለጋሉ፣ ከዚያ በኋላ ሣር ፍለጋ ወደ ሜዳው ይርቃሉ። ስለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ በአፋፉ ላይ የተገኘ ሰው በቅርብ ያያቸዋል፤ በእኩለ ቀን የደረሰ ግን በሩቅ ሜዳ የተበተኑ ነጠብጣቦችን ይመለከታል። ሲግጡ ላያቸው እጅግ ደስ ይላሉ፤ በመቀመጫቸው እየተንፏቀቁ በሁለቱም እጃቸው ሣሩን ቶሎ ቶሎ እየነጩ እፍኛቸው ሲሞላ ወደ አፋቸው ያደርሳሉ፣ ተነሥተው ሳይቆሙም ጥቂት ወደፊት ይንሸራተታሉ። በወንዱ ደረት ላይ ያለው ጸጉር አልባ ቀይ ቆዳ ከሩቅ ይለየዋል። የላይኛ ከንፈሩን ወደ ላይ ገልብጦ ድዱን ያሳየ ወንድ «አትቅረቡኝ» ማለቱ ነውና በዝግታ ወደ ኋላ መመለስ ይገባል። ዳቦም ሆነ ብስኩት ፈጽሞ አትስጧቸው፤ ከሰው እጅ መብላት የለመደ መንጋ የገበሬውን ማሳ መዳፈር ስለሚጀምር በመጨረሻ የሚጎዳው ራሱ ጭላዳው ነው።

ከአፋፉ ዝቅ ብሎ ያለው ገዳም በ13ኛው መቶ ዘመን በአቡነ ተክለ ሃይማኖት የተመሠረተ ነው። በግንቦት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ መነኮሳቱና ለበዓሉ የመጡ ምእመናን የተጨፈጨፉትም እዚሁ ነው፤ በዚያ ምድር ላይ የሚራመድ ሰው ይህን አውቆ ቢራመድ ተገቢ ነው። በዙሪያው ያለው የወይራና የጽድ ደን የተረፈው በገዳሙ ጥበቃ ምክንያት ስለሆነ ከቅጠሉም ሆነ ከእንጨቱ መንካት አይፈቀድም። በዓሉ በሚከበርባቸው በታኅሣሥ 24፣ በግንቦት 12 እና በነሐሴ 24 መንገዱ በምእመናን ስለሚሞላ፣ ጉዟችሁ ለበዓሉ ካልሆነ በቀር ሌላ ቀን ምረጡ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ለመግባት ከፈለጋችሁ ነጠላ መያዝና ጫማ ማውለቅ እንደሚያስፈልግ ለባልደረቦችዎ አስቀድመው ይንገሩ።

ሁለተኛው የምወደው መንገድ በባሕር ዳር በኩል ያለው የጢስ ዓባይ ነው። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቀው ከጢስ ዓባይ መንደር ተነሥቶ ድንጋያማውን ቁልቁለት ሲጨርሱ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ17ኛው መቶ ዘመን፣ ወደተሠራው የአላታ ድልድይ ይደረሳል። ያ ሁሉ የዓባይ ውኃ በጠባብ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ታንቆ የሚያልፍበት ቦታ ስለሆነ በድልድዩ ላይ ጥቂት መቆም ይገባል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በመንደሮች መካከል ወጣ ብሎ ከፏፏቴው ትይዩ ወዳለው መመልከቻ ያደርሳል፤ የበረታ ሰው ተንጠልጣዩን ድልድይ ተሻግሮ እስከ ፏፏቴው ግርጌ መድረስና ከፏፏቴው በላይ በጀልባ ተሻግሮ ዙሩን መግጠም ይችላል። ፏፏቴው ከ40 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ሲሆን የሚወርድበት ጥቁር ድንጋይ በአካባቢው ካለው የደጋ ድንጋይ እጅግ ያነሰ ዕድሜ አለው፤ ሸለቆው ከተፈጠረ በኋላ የፈሰሰ ቅልጥ አለት ነውና። እዚህም ላይ ወቅቱ ወሳኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለተኛው የኃይል ማመንጫ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከውኃው አብዛኛው ለኃይል ማመንጨት ስለሚወሰድ፣ በበጋ የሚመጣ ሰው በሥዕል ያየውን ሰፊ ፏፏቴ አያገኝም። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ያለው ጊዜ ግን የጥንቱን ግርማ ያሳያል፤ ጢሱም እንደ ስሙ ከሩቅ ይነሣል።

ለእናትዎ በዚህ ስፍራ ልዩ መፍትሔ አለ። በድልድዩ በኩል ያለው መንገድ ቁልቁለቱ ድንጋያማ ስለሆነ ጉልበት ላመመው ሰው አይመችም፤ በሌላው በኩል ግን ከፏፏቴው በላይ ወንዙን በጀልባ ተሻግሮ አብዛኛውን በሜዳ በመሄድ ወደ ፏፏቴው መቅረብ ይቻላል። እናንተ በድልድዩ በኩል ዞራችሁ እርሳቸው በጀልባው በኩል መጥተው በፏፏቴው አጠገብ ብትገናኙ ማንም ሳይቀር ጉዞው የሁሉም ይሆናል።

ሦስተኛው በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው ትልቁ የዓባይ ሸለቆ ነው፤ እንደ ሥነ ምድር ባለሙያ ከጠየቁኝ ከዚህ የሚበልጥ የእግር መንገድ በአገሪቱ ውስጥ ለመጥቀስ እቸገራለሁ። ከአዲስ አበባ 185 ኪሎ ሜትር ያህል ከምትርቀው ከጎሃ ጽዮን ከታች እስካለው የዓባይ ድልድይ ድረስ ያለው የከፍታ ልዩነት 1,400 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው በእግሩ የሚያልፈው በዘመናት ውስጥ ነው። አናቱ ላይ ያለው ባዛልት የሚባለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በየተራ እየፈሰሰ የተነጠፈ ነው፤ ደጋውን ደጋ ያደረገውም እርሱ ነው። ከእርሱ ሥር ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ ገደል ሆኖ ይቆማል፤ በዳይኖሰሮች ዘመን ይህን አገር ከሸፈነው ባሕር ወለል የቀረ ነው። መንገዱ ዳር የተሰነጠቀ የኖራ ድንጋይ ላይ ጎንበስ ብሎ ለተመለከተ ሰው የቀንድ አውጣና የዛጎል ቅርጽ ደረቁ ድንጋይ ውስጥ ተጋግሮ ይታየዋል። በጣታችሁ ዳስሱት፣ ፎቶ አንሡት፣ ነገር ግን ባለበት ተዉት። ከኖራ ድንጋዩ በታች ለስላሳው የጀሶና የሸክላ ድንጋይ ንጣፍ ይመጣል፤ ባለሙያዎች የጎሃ ጽዮን ንጣፍ ብለው የሰየሙት ይህንኑ ነው። ከሁሉ በታች፣ ወደ ድልድዩ ሲቀርቡ፣ ቀላ ያለው የአሸዋ ድንጋይ ወንዙን ግራና ቀኝ ይዞ ይቆማል።

ይህን የምዘረዝረው ለእውቀት ያህል ብቻ አይደለም፤ ለእግራችሁ ደኅንነት ይጠቅማል። ጀሶው በውኃ ይሟሟል፣ ሸክላው ሲርስ ያንሸራትታል፣ በላዩ የተቀመጠው ከባዱ የኖራ ድንጋይና ባዛልት ደግሞ መቆሚያ ሲያጣ ይናዳል። የአስፋልቱ መንገድ በየክረምቱ የሚሰነጠቀውና የሚሰምጠው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጠጋኞቹ ሥራ ፈትተው የማያውቁበት መንገድ ነው ማለት ይቻላል። በመሆኑም ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ድረስ፣ እንዲሁም ዝናብ ከጣለ በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ቀናት፣ በዚህ መካከለኛ ንጣፍ ላይ ባሉት የእግር መንገዶች አትሂዱ። አዲስ የተሰነጠቀ መሬት፣ ያዘነበለ ዛፍ ወይም ከዚህ በፊት ያልነበረ ምንጭ ካያችሁ ከሥሩ አትረፉ።

በአስፋልቱ ላይ መሄድንም አልመክርም። የጭነት መኪኖች ፍሬናቸው እየጋለ ጥምዝ በጥምዝ የሚወርዱበት መንገድ ነውና ለእግረኛ የሚሆን ቦታ የለውም። በጥምዞቹ መካከል የገበያተኞች አቋራጭ የእግር መንገዶች አሉ፤ ያለ አካባቢው ሰው መሪነት ግን አይለዩም፣ አንዳንዶቹም ወደ ገደል አፋፍ አድርሰው ያቆማሉ። ለእናንተ የምመክረው በዚህ ሸለቆ ወርዶ በእግር መመለስን ፈጽሞ ትቶ፣ በአቋራጮቹ ወርዶ ከታች በቀጠሮ በሚጠብቅ መኪና መውጣትን ነው። እናትዎም በመኪናው ሆነው በመንገዱ ላይ ባሉት መመልከቻዎች እየቆሙ ሸለቆውን ማየት ይችላሉ። ከታች የዕጣን ዛፍና ግራር የበዛበት ቆላ ነው፤ አሮጌው ድልድይና እ.ኤ.አ. በ2008 አገልግሎት የጀመረው የኅዳሴ ድልድይ ጎን ለጎን ይታያሉ። በድልድዮቹ አካባቢ ጥበቃ ስላለ ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት ጠባቂዎቹን አስፈቅዱ።

ሰባራ ድልድይን በአጭሩ ላንሣው፤ ለመጀመሪያ ጉዞ የሚሆን ስላይደለ። በሞጣና በአንዳቤት መካከል በዓባይ ላይ ያለው ይህ ድልድይ በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ ሲሆን በጣልያን ወረራ ዘመን አንዱ ቅስቱ ተሰበረ፤ ከዚያ በኋላ የሁለቱ ዳር ሕዝብ ለብዙ ዓመታት በገመድ እየተጎተተ ሲሻገር ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2002 ተጠግኖ በ2005 ጎርፍ ቢወስደውም በ2009 ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተተካለት። ቁልቁለቱ ረጅም፣ ሙቀቱ ብርቱ፣ ዳገቱም ጨካኝ ስለሆነ የለመዱ ተጓዦች በኅዳርና በታኅሣሥ ቢሄዱበት ይሻላል።

ወፍ የሚወድ ሰው ከመካከላችሁ ካለ ደግሞ የጀማ ሸለቆን አትለፉት። ከሙከጡሪ በለሚ በኩል ወደ ዓለም ከተማ የሚሄደው መንገድ ከደጋው ጠርዝ ወደ ጀማ ወንዝ ሲወርድ፣ በዓለም ላይ በዓባይና በገባሮቹ ሸለቆዎች ብቻ የሚገኝ የቆቅ ዝርያ በማሽላው ማሳ ዳር ይገኛል። ከማለዳው 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ድረስ ጩኸቱ ከየቁጥቋጦው ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ ድምፁን አጥፍቶ ይሸሸጋልና ማልዶ ያልተነሣ አያገኘውም። በሰማዩ ላይም አጥንት ከከፍታ እየጣለ የሚሰባብረውን ትልቁን አሞራ ማየት የተለመደ ነው። መንገዱ ለስለስ ያለ፣ በፈለጉበት ላይ የሚመለሱበት ስለሆነ ከጉልበት ይልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ስለ ዝግጅት የምለው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን አንዱም ባይጎድል እወዳለሁ። ወደ ቆላ ለሚወርድ ለእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ ሦስት ሊትር ውኃ ይያዝ፤ ከወንዙ ውኃ መጠጣትም ሆነ ቀስ ብሎ በሚሄደው ውኃ ውስጥ መግባት የቢልሃርዝያ አደጋ አለው፣ በዓባይ ዝቅተኛ ስፍራዎችም አዞ አለ። ለመውረድ አንድ ሰዓት ከፈጀባችሁ ለመውጣት ሁለት ሰዓት መድቡ፤ ውኃችሁ በግማሽ ሲደርስ የትም ብትሆኑ ተመለሱ። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ቁልቁለት አትጀምሩ። በደረቁ ጅረት ውስጥ አትረፉ፤ በእናንተ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ በደጋው ላይ የዘነበ ዝናብ ደራሽ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። በቆላው የምታድሩ ከሆነ ወባ ስላለ አጎበር አይርሳ። ጫማው ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ አስቀድሞ የተለመደ ይሁን፤ በአዲስ ጫማ ቁልቁለት የወረደ ሰው የእግር ጣቱ ጥፍር ይጠቁራል። ምርኩዝ ደግሞ ለሁሉም ይጠቅማል፤ ጉልበትን አብልጦ የሚጎዳው ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነውና፣ ምርኩዙ ከሰውነቱ ክብደት ከፊሉን ይካፈላል።

የአካባቢውን ሰው መሪ አድርጎ መቅጠር ለወጉ ያህል የሚደረግ ነገር አይደለም። ገበሬዎቹ ማሳቸውን የረገጠ እንግዳ ደስ አያሰኛቸውም፤ በአውድማቸው ሳይጠይቁ ማለፍም ነውር ነው። አብሮ የሚሄድ የአገሩ ልጅ ሰላምታውን ሰጥቶ፣ ፈቃዱን ጠይቆ፣ ውሻውን አስታግሦ ያሳልፋችኋል። የክፍያውን ነገር ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ተነጋግራችሁ ጨርሱት።

የጸጥታውን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በሰሜን ሸዋም ሆነ በጎጃምና በጎንደር በኩል ያለው ሁኔታ በየጊዜው የሚለዋወጥ ስለሆነ ከላይ ያልሁት ሁሉ የሚሠራው መንገዱ ሰላም ሲሆን ብቻ ነው። ከመነሣታችሁ በፊት ባለው ሳምንት የወረዳውን አስተዳደር ወይም ፖሊስ፣ በዋዜማውም በቦታው የሚኖር ሰው ጠይቁ፤ ሁለቱ የሚነግሯችሁ ካልተስማማ ጉዞውን አስተላልፉት። ከመሸ በኋላ በእነዚህ መንገዶች መኪና አታሽከርክሩ።

ስለዚህ ጥያቄዎን በቀጥታ ልመልስና፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ በጥቅምት አንዱ ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ ደብረ ሊባኖስ አፋፍ ላይ በ2 ሰዓት ብትገኙ መልካም ነው። ጭላዳዎቹን ከእናትዎ ጋር አብራችሁ እዩ፤ እርሳቸው በአፋፉ ሜዳ ላይ እንደ አቅማቸው እየተራመዱ እናንተ ወደ ድልድዩ ወርዳችሁ ተመለሱ። ወደ ድልድዩ መውረድ ከፈለጉም ቀስ ብለው ምርኩዝ ይዘው ይሞክሩት፤ መመለሻው አጭር ስለሆነ በየመካከሉ እያረፉ ይወጡታል። ጉልበታቸው በማግሥቱ ካላመማቸው የጢስ ዓባይን የጀልባ መንገድ ያለ ስጋት ማቀድ ይችላሉ፤ ካመማቸው ደግሞ ለሚቀጥለው ጉዞ የጎሃ ጽዮንን መመልከቻዎች በመኪና ይምረጡላቸው።